ቁጥሩን ማን ቆጠረው? ለኢኮኖሚክስ ጀማሪ የምመርጣቸው መጻሕፍት

የወንድሜ ልጅ ኢኮኖሚክስ ዲፓርትመንት ደርሶታል። ክፍል ሳይጀምር "አክስቴ፣ ከአሁኑ ምን ላንብብ?" ብሎ ያዘኝ። እኔ አስተማሪ አይደለሁም። ኮምቦልቻ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ፤ ቤቴ ደሴ ነው። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ማታ ተመልሼ እወጣለሁ። የማነበው መኪና በማይራገፍበት ሰዓት ነው። ግን ቁጥር ያለበት መጽሐፍ ነፍሴ ነው፤ ጓደኞቼ ልብ ወለድ ሲለዋወጡ እኔ ሠንጠረዥ አያለሁ። ለእሱ የነገርኩትን እዚህም ላስፍረው። የውጭ መጻሕፍቱ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የአገራችን ነገር በእኛው።

መመዘኛዬ አንድ ነው። ሹፌር መጥቶ "መቶ ኩንታል ጭኛለሁ" ቢለኝ ዝም ብዬ አልጽፍም። በየትኛው ሚዛን? የጆንያው ክብደት ተቀንሷል? ማን ፈረመበት? የኢኮኖሚክስ መጽሐፍንም የማነበው እንደዚያው ነው። ቁጥር ሲጠቅስ ማን እንደቆጠረው፣ በምን እንደለካው የሚነግረኝን እወዳለሁ። ቁጥሩን ወርውሮ የሚያልፈውን ግን፣ ደራሲው የፈለገውን ያህል ቢሸለም፣ አልወደውም።

መጀመሪያ የማስቀምጠው ብዙ ሰው "ለጀማሪ ይከብዳል" የሚለውን ነው፤ የአማርትያ ሴንን "ፖቨርቲ ኤንድ ፋሚንስ"። በ1981 ታተመ። ስለ ድህነትና ረሃብ ነው። ሴን የሕንድ ሰው ነው፤ በልጅነቱ የ1943ቱን የቤንጋል ረሃብ በዓይኑ አይቷል፤ በ1998 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሟል። መጽሐፉ ቤንጋልን፣ ኢትዮጵያን፣ ሳህልንና ባንግላዴሽን ተራ በተራ ይመረምራል። ምዕራፍ ሰባት የኛ ነው። የ65ና የ66ቱ የወሎ ረሃብ።

እዚያ ምዕራፍ ውስጥ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ አለ። እኔ በየቀኑ የምመዘግበው ዓይነት ዋጋ፣ የከተማዬ ስም ተጽፎ፣ ዓለም ሁሉ የሚያነበው የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ውስጥ። የሚለው ነገር ደግሞ ያስገርማል። ሰው በረሃብ እየሞተ የደሴ የእህል ዋጋ ብዙም አልጨመረም።

እንዴት ይሆናል? እህል ሲጠፋ ዋጋ ይሰቀላል፤ ይኼን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። የሴን መልስ እንዲህ ነው። የወሎ ገበሬ ዝናብ ሲቀርበት የጠፋው የሚበላው ብቻ አይደለም። የሚሸጠውም ጠፋ። የሚሸጠው ከሌለ ብር የለውም። ብር የሌለው ሰው ገበያ ወጥቶ ዋጋ አያስጨምርም። ስለዚህ ረሃቡ ገበያው ላይ አይታይም። ዋጋ ካልጨመረ ደግሞ ነጋዴው ከሌላ ክፍለ ሀገር እህል ጭኖ ወሎ የሚመጣበት ምክንያት የለም። እንዲያውም በዚያው ሰሞን ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል እንደነበር ይጽፋል። መንገድ አልነበረም እንዳይባል፣ ዋናው የአዲስ አበባና የአስመራ መንገድ በመሀላችን ያልፋል። የተራቡት ሰዎች እዚያው መንገድ ዳር ወጥተው አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ ይለምኑ ነበር። በአገር ደረጃ ምርቱ ያን ያህል አልወደቀም። የወደቀው የወሎ ሰው የመግዛት አቅም ነው።

ሌላው የማልረሳው ማን እንደተጎዳ የሚዘረዝርበት ክፍል ነው። ገበሬው ብቻ አይደለም። አሽከርና ገረድ ማብላት ያቃተው ቤት ያሰናብታቸዋል። ሸማኔው የሚገዛው ያጣል። የቀን ሠራተኛውን የሚያሠራው የለም። የአፋር ከብት አርቢ በሁለት በኩል ተመታ። አዋሽ ዳር ያለው ጥሩ የግጦሽ መሬቱ ለጥጥ እርሻ ተወስዶበታል፤ የተረፈችውን ከብት ገበያ ሲያወጣ ደግሞ በእህል ስትመነዘር የምታመጣለት እፍኝ ነው። ይኼን ካነበብኩ ወዲህ "ገበያው ላይ በቂ እህል አለ" የሚል ዜና ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል።

ምዕራፉን ለአባዬ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ ሰኞ ገበያ ለአንድ እህል ነጋዴ ጆንያ ይሸከም ነበር። ጸጥ ብሎ ሰማኝና "ዋጋው ልክ ይሆናል" አለ። "ግን ወላሂ፣ የደሴ ዋጋ ነው። ላስታ ውስጥስ ስንት ነበር? ያንን ማን ጻፈው?" ደሴ ነጋዴም መንገድም አላት፣ ከመንገድ የራቀው ገበያ ሌላ ነው ማለቱ ነው። ሴንን የተቹ ምሁራንም ይህን ነጥብ ያነሳሉ። አባዬ መጽሐፉን በእጁ ሳይነካ ደረሰበት።

መጽሐፉ ጉድለት አለው። ደረቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ድህነት እንዴት እንደሚለካ የሚከራከሩ ናቸው፤ መጨረሻ ያሉት አባሪዎች ደግሞ ድፍን ሒሳብ። ጀማሪ ከምዕራፍ ስድስት ይነሳ፤ ቤንጋልን አንብቦ ወሎን ይከተል፤ ከዚያ ወደ ፊተኛው ይመለስ።

ቀጥሎ ቀጭኑን ውሰዱ። የዳሬል ሃፍ "ሃው ቱ ላይ ዊዝ ስታቲስቲክስ" በ1954 የወጣ ነው። በአኃዝ እንዴት እንደሚዋሽ ያሳያል። ሃፍ የስታቲስቲክስ ምሁር ሳይሆን ጸሐፊ ነው፤ ለዚህ ነው ወሬው የሚጥመው። ካርቱን አለው፣ ቀልድ አለው። ምሳሌዎቹ አሜሪካዊና አሮጌ ናቸው፤ ተንኮሉ ግን አላረጀም።

በራሴ ምሳሌ ላሳያችሁ። አሥር ሰው ያለበት ድርጅት እንበል። ዘጠኙ ጫኝና አውራጆች በወር 6,000 ብር ያገኛሉ። ባለቤቱ 146,000። አማካይ ገቢው ስንት ነው? 20,000 ብር። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን 20,000 የሚያገኝ አንድም ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ የለም። ሁሉንም ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ መሀል ላይ ያለውን ብታዩ 6,000 ነው። ሃፍ "አማካይ" ሲባል የትኛው አማካይ እንደሆነ ጠይቁ ይላል። ከዜሮ የማይነሳ ግራፍንም እንዲሁ፤ ትንሿን ለውጥ ዳገት ያስመስላታል።

ይኼ ልማድ ዜና ስትሰሙ ይጠቅማችኋል። "የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ ወደ 15 ወረደ" ቢባል ሰው "ታዲያ የት ወረደ?" ብሎ ይናደዳል። ዋጋማ አልወረደም። 100 ብር የነበረው 130 ገባ፤ በዓመቱ 149 ብር ከ50 ሆነ። የቀነሰው የመውጣቱ ፍጥነት ነው። ዜናውም አልዋሸም፣ ሰውየውም አልተሳሳተም።

በነገራችን ላይ ሃፍ ራሱ በ1965 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ለትምባሆ ኩባንያዎች የሚያደላ ምስክርነት ሰጥቷል፤ ሲጋራ ከበሽታ ጋር መያያዙን ለማጣጣል። ተንኮሉን ያውቅበታል ማለት ነው። መጽሐፉን ግን አንብቡት።

"ፋክትፉልነስ"ን ሁሉም ሰው ይመክራል፤ እኔም እመክራለሁ፣ ግን ከሃፍ በኋላ። ሀንስ ሮስሊንግ ስዊድናዊ ሐኪም ነበር፤ ሞዛምቢክ ውስጥ ሠርቷል። በ2017 አረፈ፤ መጽሐፉ ከልጁ ከኦላና ከምራቱ ከአና ጋር የጻፈው ነው፤ በ2018 ወጣ። ዓለምን "ሀብታምና ድሃ" ብሎ ለሁለት መክፈልን ይተውና በሰው የቀን ገቢ አራት ደረጃ ያወጣል። ከ2 ዶላር በታች፣ ከ2 እስከ 8፣ ከ8 እስከ 32፣ ከዚያ በላይ። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ውሃ እንዴት እንደሚያገኝ፣ በምን እንደሚያበስል፣ በምን እንደሚጓዝ ይነግራችኋል። በባዶ እግር፣ በብስክሌት፣ በሞተር፣ በመኪና። ሐረጎ መንገድ ላይ በአንድ ጠዋት ሁሉንም ማየት ይቻላል። ብስክሌቱ ብቻ ይጎድላል፤ ያንን ዳገት ማን ይደፍራል!

መግቢያው ላይ 13 ጥያቄዎች አሉ። አንዱ፣ ባለፉት 20 ዓመታት በከፋ ድህነት የሚኖረው የዓለም ሕዝብ ድርሻ በእጥፍ ጨመረ፣ ባለበት ቀረ ወይስ በግማሽ ቀነሰ? የሚል ነው። መልሱ በግማሽ ገደማ ቀነሰ ነው። ከተጠየቁት ሰዎች ያወቁት ከመቶ 7 ብቻ ናቸው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚገምት ሰው ከመቶ 33 ያገኛል። መጽሐፉ ይህ የሚሆነው ሰው ስላልተማረ አይደለም ይላል። ሐኪሞችም፣ ጋዜጠኞችም፣ ትልልቅ ስብሰባ ላይ የሚቀመጡትም ይሳሳታሉ።

የኔ ቅሬታ አማካይ ላይ መደገፉ ነው። የዓለም መስመር ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ጦርነት ውስጥ ገብተው ወጥተዋል። ሆስፒታል ተዘርፏል፣ ፋብሪካ ቆሟል። ይኼ በዓለም አማካይ ውስጥ ነጥብ አትሞላም። ሮስሊንግ "መጥፎም ነው፣ እየተሻለም ነው፤ ሁለቱም አብረው እውነት ናቸው" የሚል መንፈስ አለው፤ እስማማለሁ። ግን ሁለተኛውን ሲጽፍ ብዕሩ ይፈጥናል።

አንድ የገዢ ማስጠንቀቂያ። እዚህ ከተማ የምናገኘው ብዙውን ጊዜ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘውን ነው። የኔም እንደዚያ ነው። የዚህ መጽሐፍ ዋናው ሥዕል አገሮች በክብ ተስለው፣ ክቡ በሕዝብ ብዛት ተለክቶ፣ አህጉሩ በቀለም የተለየበት ነው። ጥቁርና ነጭ ሲሆን ሁሉም ግራጫ ይሆናል፤ አፍሪካ ከእስያ አይለይም። ያተመልኝን ልጅ ብጠይቀው "ጽሑፉ ይነበባል አይደል?" አለኝ። ስለዚህ ግራፉን በስልካችሁ ጋፕማይንደር በሚባለው የነሮስሊንግ ድረ ገጽ ላይ እዩት፤ ነጻ ነው። እዚያው ዶላር ስትሪት የሚባል አለ፤ የተለያየ አገር ሰው ቤት፣ ምድጃ፣ አልጋ፣ የጥርስ ብሩሽ ሳይቀር ፎቶ ተነስቶ በገቢ ተደርድሯል። ኔትወርክ ካለ አንድ ምሽት ይበላችኋል።

አሁን ወደ ልቤ ወደሚቀርበው። የኖርዌዩ ሞርተን ዬርቨን በ2013 ያሳተመው "ፑር ነምበርስ"። ስለ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ አኃዝ ነው። ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት የሚባለውን ቁጥር ማን ቢሮ ውስጥ፣ በስንት ሠራተኛ፣ ከየትኛው አሮጌ ጥናት ተነስቶ እንደሚያወጣው ሄዶ አይቷል። ጋና በ2010 የአቆጣጠር መነሻዋን ስታድስ ኢኮኖሚዋ ባንድ ጊዜ 60 በመቶ ገደማ ጨመረ። ሰው አንድ ሌሊት ላይ አልከበረም፤ ቀድሞ ያልተቆጠረው ተቆጠረ እንጂ። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ በ2014 ናይጄሪያም እንዲሁ አድርጋ በ89 በመቶ ከፍ አለች፤ ደቡብ አፍሪካንም በለጠች። ገበሬው ለቤቱ ያስቀረውን ጤፍ ማን ይቆጥረዋል? በጣሳ የተሸጠውን ባቄላስ? እህል መጋዘን የሚሠራ ሰው ይህን መጽሐፍ ራሱን እየነቀነቀ ነው የሚያነበው።

የራሳችንን ከተማ ውሰዱ። የደሴ ሕዝብ ስንት ነው? በ1999 ቆጠራ 151,174 ነው። ወይም 120,095። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው በዙሪያዋ ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች ይጨምራል፤ ሁለተኛው የከተማውን ነዋሪ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። ስለዚህ አንድ ሰው ዛሬ የደሴን ሕዝብ ቁጥር ሲነግራችሁ የሚነግራችሁ ግምት ነው። ግምት መጥፎ አይደለም፤ ግምት መሆኑ ይነገረን።

ሌላም ምሳሌ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የኢትዮጵያን ምርት በዶላር የሚያስቀምጥ ሠንጠረዥ ላይ አገሪቱ ታንሳለች። ኮምቦልቻ ያለው መጋዘናችን ግን ያው ኩንታል ነው ያለው። ለዚህ ነው ኢኮኖሚስቶች የመግዛት አቅምን የሚያመዛዝን ሌላ ስሌት የሚጠቀሙት። ሁለት አገር ስታወዳድሩ ሠንጠረዡ ግርጌ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ እዩ፤ የትኛው ዶላር እንደሆነ እዚያ ተጽፏል።

ስለ ኢኮኖሚክስ ጠቅላላ እውቀት የሚፈልግ ሃጁን ቻንግን ያንብብ። ደቡብ ኮሪያዊ ነው። "ኢኮኖሚክስ፦ ዘ ዩዘርስ ጋይድ" በ2014 ወጣ። ኢኮኖሚክስ አንድ ሃይማኖት አይደለም ብሎ ዘጠኝ የአስተሳሰብ ጎራዎችን ያስተዋውቃል፤ ምዕራፎቹ ውስጥም የእውነተኛውን ዓለም ቁጥር የሚያሳዩ ክፍሎች አሉት። ከዚያ በፊት በ2010 በጻፈው ሌላ መጽሐፍ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከኢንተርኔት የበለጠ ዓለምን ለውጧል ይላል፤ የሴቶችን ጊዜ ስላስለቀቀ። እናቴ ብትጠየቅ ወፍጮ ቤት ትል ነበር። ቻንግ ወገንተኛ ነው፤ ሀብታም አገሮች በቀረጥ ተከልለው ካደጉ በኋላ ሌላውን ይከለክላሉ ብሎ ያምናል። ወገኑን ስለማይደብቅ አልጠላሁትም።

የአርከበ ዕቁባይ "ሜድ ኢን አፍሪካ" የዚያው መንገድ ነው። በ2015 የታተመ፤ የኢትዮጵያን ሲሚንቶ፣ ቆዳና አበባ ኢንዱስትሪ ይመረምራል። ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው ቅርብ ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው መጽሐፉ ከወጣ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በእኛው 2009 መጨረሻ ነው። ደራሲው የሚገመግመው ፖሊሲ ራሱ በመንግሥት ውስጥ ሆኖ የሠራበትን ነው፤ ይህን አስባችሁ አንብቡ። ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ ጦርነቱንና አሜሪካ ኢትዮጵያን በ2014 ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ማስወጣቷን፣ በራሳችሁ ጨምሩበት።

ስለ ድሆች ኑሮ የሚያወራው "ፑር ኢኮኖሚክስ" የባነርጂና የዱፍሎ ነው፤ 2011። በ2019 ከማይክል ክሬመር ጋር ኖቤል ወስደዋል። ከውስጡ አንዷን ብቻ ልንገራችሁ። ሕንድ ኡዳይፑር ውስጥ ክትባታቸውን የጨረሱ ሕፃናት ከመቶ 6 ነበሩ። የክትባት ጣቢያ በቀጠሮው ቀን ሳያጓድል መንደር ሲመጣላቸው 17 ሆኑ። ላመጣች እናት አንድ ኪሎ ያህል ምስር ሲታከልላት 38። ምስር! ሙከራው ትንሽ ነው፣ ወሎ ላይ ይሠራ አይሠራ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግን የት፣ በማን ላይ፣ ከማን ጋር አወዳድረው እንደለኩት ይነግሩናል። እንዲህ ነው የምወደው።

አገሮች ለምን እንደሚወድቁ የሚያወራውን "ኋይ ኔሽንስ ፌይል"ን አንብቤ ጨርሻለሁ፤ ታሪኮቹ ደስ ይላሉ። ደራሲዎቹ አሴሞግሉና ሮቢንሰን በ2024 ከሳይመን ጆንሰን ጋር ኖቤል ተሸልመዋል። አንድ መልስ ለሁሉም ጥያቄ ስለሚሰጥ እኔ ሁለተኛ አልከፍተውም። መግዛት የፈለገ የኔን በግማሽ ዋጋ ይውሰድ።

እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ካለ ተስፋ አይቁረጥ። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" ደራሲው ከሞተ በኋላ በ1916 ታትሟል። ሰውየው የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበር፤ ጉምሩክን ከውስጥ ያውቀዋል። እውቀት ያለው ሕዝብ እውቀት ከሌለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ የጻፈው፣ የውጭ ምሁራን በዚህ ጉዳይ መከራከር ከመጀመራቸው አሥርት ዓመታት ቀድሞ ነው። አማርኛው የዚያ ዘመን ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ጮክ ብሎ ማንበብ ይረዳል። ከአሥራ አንደኛና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የኢኮኖሚክስ መማሪያ ጎን አድርጋችሁ ብታነቡት ከሁለቱም ታተርፋላችሁ።

የማንኪውን ወፍራም የኢኮኖሚክስ መማሪያ፣ "ፕሪንሲፕልስ"ን ግን አትግዙ። ክፍል ውስጥ ይሰጣችኋል፣ ላይብረሪም አይጠፋም። የግድ ካላችሁም አሮጌውን እትም በርካሽ ውሰዱ፤ የፍላጎትና የአቅርቦት መስመር አዲሱ ላይም የሚገናኙት እዚያው ቦታ ነው።